ቀጥ ባለ መስመር የደረቁ ዛፎች

የጫካው ጥበቃ ኃላፊ ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሜትር ከፍታ ካለው የእሳት መጠበቂያ ማማ ሥር፣ አንድ እግሩ ከበታቹ ታጥፎ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ከማማው አናት የተገነጠለ የአጥር እንጨት አጠገቡ ወድቋል። ያገኘው ተረኛ ጠባቂ በሬዲዮ ሲናገር ድምፁ እየተቆራረጠ ስለነበር ጣቢያ ያሉት መጀመሪያ እሳት የተነሳ መስሏቸው ነበር።

ሟቹን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ቀስ በል» በሚል ቅጽል ስም ነው። ለሚጣደፍ ሾፌርም፣ ለሚቆጣ አለቃም፣ ለሚጨቃጨቁ ጎረቤቶችም የሚሰጠው መልስ ያው አንድ ስለነበረ ነው ስሙ የወጣለት።

ኢንስፔክተሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደረሰ። ሃምሳውን ያለፈ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ኪሱን ሲፈትሽ ተረኛው ጠባቂ ወደ ግንባሩ በእጁ አመለከተው።

«ነክተኸዋል?» አለ መነጽሩን እያወረደ።

«ትንፋሽ እንዳለው ለማየት እጄን አፍንጫው ጋ አድርጌያለሁ። ሌላ አልነካሁም።»

«ጃኬቱንስ?»

«የቱን ጃኬት?»

ኢንስፔክተሩ ተንበርክኮ አሳየው። ከሟቹ ራስ ሥር አረንጓዴው የሥራ ጃኬት አለ። እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው፣ በአራት ታጥፎ፣ እንደ ትራስ ተደርጎ።

«ከማማ ላይ የወደቀ ሰው ጃኬቱን አውልቆ፣ አጥፎ አይተኛም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሲወድቅ ሰው ነበረ። ከወደቀም በኋላ አጠገቡ ቆይቷል።»

ጠባቂው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። «እኔ ግራ የገባኝ መውጣቱ ነው። ጉልበቱ ከታመመ ዓመት አልፎታል፤ ማማው ላይ እኛ ነን የምንወጣው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ በሬዲዮ 'ወደ ማማው ልወጣ ነው፤ እኔ እስክጠራችሁ አትጥሩኝ' አለን።»

«ብቻዬን ነኝ ብሏል?»

«አላለም። እኛም አልጠየቅነውም።»

የሟቹ ሬዲዮ ወገቡ ላይ ነው፤ ይሠራል። ከብብቱ የማይለየው ሰማያዊ መዝገብ ግን የለም። በሸሚዙ ኪስ ውስጥ የጣት ርዝመት ያለው፣ እንደ እርሳስ የተድቦለቦለ ደረቅ ጭቃ ተገኘ። ኢንስፔክተሩ በእጁ አገላበጠው፤ ምን እንደሆነ አልገባውም። ማማው ላይ ወጥቶ አካባቢውን ቃኘ። በስተ ምሥራቅ ከአረንጓዴው መሃል ሰፊ ቡናማ ቦታ ይታያል።

«ምንድን ነው ያ?»

«ክፍል አሥራ አራት ነው። በሽታ ገብቶበታል» አለ ጠባቂው። «ሊቆረጥ ፈቃድ ወጥቶለታል።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና አቧራ እያስነሳች መጣች። ኮፈኗ ከሌላ መኪና ላይ የተወሰደ ጥቁር ነው። «ዶክተር መጣ» ተባባሉ ጠባቂዎቹ፣ መንገድ እየለቀቁ። ዶክተር የሚሉት የሟቹን ታናሽ ወንድም ነው። በሦስት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ባለው ከተማ፣ በዕፅዋት በሽታ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራል። የጫካውን በሽታ ያገኘው እሱ ነው፤ ጋዜጣ ላይ የወጣው ፎቶግራፉ በመስታወት ገብቶ ጥበቃ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሰቀለው ታላቁ ነው።

ሰውየው ሬሳው አጠገብ በጉልበቱ ወደቀ። «ጋሼ» አለ። ከዚያ አለቀሰ።

ኢንስፔክተሩ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አፅናናው፤ ቆይቶም የጭቃውን ዘንግ አሳየው። ዶክተር ዓይኑን ጠርጎ ተመለከተው።

«የጥንዚዛ ጎጆ ነው። ግንድ በስቶ ይገባና በጭቃ ይደፍነዋል። ጋሼ እንዲህ ያለ ነገር እየለቀመ ያመጣልኝ ነበር።»

*

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። ሚስትየው ሳሎን ተቀምጣ የባሏን ልብሶች እያጠፈች ነው፤ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ እያስገባች፣ በአራት። ዶክተር ግቢው ውስጥ ለሐዘንተኞች ወንበር ይደረድራል።

«ያን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግሁት» አለች ወደ ውጭ እያየች። «እናትና አባታቸው ሲሞቱ ሰባት ዓመቱ ነበር። ባሌ 'እኔን ካገባሽ እሱንም ነው' አለኝ። ከማገዶ ጥበቃ ጀምሮ ሠርቶ ነው ያስተማረው።»

«ባለቤትዎ ሰሞኑን እንዴት ነበር?»

«እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ሆነው። 'ምን ሆንክ?' ስለው 'ሐሙስ ያልቃል' ይለኛል። ምኑ እንደሆነ አልነገረኝም። ከእኔ ምንም የሚደብቅ ሰው አልነበረም።»

«ከማን ጋር ተጣልቶ ያውቃል?»

ዶክተር በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ሁለት ሰዎች አሉ» አለ። «አንዱ የጣውላ ተቋራጩ ነው፤ ጋሼ መኪናዎቹን ሁለት ጊዜ አስቁሞበታል። ሌላው ንብ አናቢው ሽማግሌ ነው። ባለፈው ወር ጣቢያ ድረስ መጥቶ 'አንተንም መቃብር ውስጥ ልይህ' ብሎታል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«አንተስ ትናንት ጠዋት የት ነበርክ? ሁሉንም ስለምጠይቅ ነው።»

«ሥራ ቦታ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ፈርሜ ገብቻለሁ። እታለም ስልክ የደወለችልኝም እዚያው ነው፤ ስምንት ሰዓት አካባቢ።»

«እውነቱን ነው» አለች ሴትዮዋ። «ቢሮው ውስጥ ነው ያገኘሁት።»

«ረቡዕ ማታ ወንድምህ ደውሎልሃል፤ ስልኩ ላይ አይቻለሁ። ምን አለህ?»

«ሁልጊዜም ይደውላል። በልተሃል ወይ፣ ጤንነትህስ... ያው የታላቅ ነገር።»

*

ተቋራጩ በጣውላ ማከማቻው ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው።

«ቀስ በል መኪናዬን አስቁሟል፤ አልክድም። ተሰዳድበናል። ግን ሐሙስ ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አሥር ሰው አይቶኛል። ከንቲባውም እዚያ ነበሩ፤ እንቅልፍ ይዟቸው ነበር እንጂ።»

«ክፍል አሥራ አራትን የምትቆርጠው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፤ በፈቃድ። በሽታው እንዳይዛመት የታመመው ይቆረጣል ይላል ሕጉ። በሽታውን ደግሞ እኔ አላመጣሁትም፤ ባለሙያ ነው ያገኘው።» ስንጥሩን ጣለና ሳቀ። «እኔ እንግዲህ እንደ ቀባሪ በለኝ። ሲጠሩኝ ነው የምሄደው።»

ስብሰባው እውነት ነበር። ሠራተኞቹም ያን ዕለት ሌላ ወረዳ እንጨት ሲጭኑ ውለዋል። ኢንስፔክተሩ ሁሉንም አንድ በአንድ አጣርቶ ወደ ንብ አናቢው ሄደ።

ሽማግሌው ባዶ ቀፎዎች መሃል ተቀምጧል። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«አባባ፣ ሟቹ ላይ ዝተሃል ይባላል።»

«ዝቻለሁ ልጄ። አሥራ ዘጠኝ ቀፎ ንብ ሞቶብኝ ምን ልበለው? ልሳመው?» በፋሻ የታሰረውን እጁን አነሳ። «ሐሙስ ጤና ጣቢያ ነበርኩ፤ ይሄን ሲሰፉልኝ ዋሉ። ካርዱ ይኸው። ደግሞ እኮ ከቀስ በል ጋር ታርቀን ነበር።»

«መቼ?»

«ሁለት ሳምንት ይሆናል። እዚህ ድረስ መጥቶ 'ንቦችህን የገደለውን ደርሼበታለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ' አለኝ። ማን እንደሆነ ብጠይቀው መልስ አልሰጠኝም። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ሄደ።»

ኢንስፔክተሩ የጭቃውን ዘንግ አወጣ። «ይሄን ጎጆ አይተኸው ታውቃለህ?»

«የምን ጎጆ?» አለ ሽማግሌው። «ማነው ጎጆ ነው ያለህ? ይሄ በሰው እጅ የተድቦለቦለ ነው። ና ላሳይህ።»

ክፍል አሥራ አራት ጫፍ ላይ ወሰደው። አንድ የደረቀ ዛፍ ሥር ቅጠሉን በእግሩ ገለጠና ከግንዱ ላይ በጭቃ የተደፈነ ክብ ቀዳዳ አሳየው። ጭቃውን በቢላ ጫፍ ፈነቀለው፤ ተመሳሳይ ዘንግ ወጣ። ቀዳዳው በመሰርሰሪያ የተበሳ፣ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። የመድኃኒት ሽታ አለው።

«ጥንዚዛ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይበሳም» አለ ሽማግሌው። «አረም የሚያደርቀውን መርዝ አፍስሰው ይደፍኑታል። ዛፉ ቆሞ ይሞታል። ንቦቼም ከአበባው ቀስመው አለቁ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ መኪናው ሲመለስ እያሰበ ነበር። የዛፍ በሽታ ያገኘ ምሁር የተሰረሰረ ቀዳዳን ጭቃ ከጥንዚዛ ጎጆ አይለይም? በሐዘን የደነገጠ ሰው ይሳሳታል ብሎ ለራሱ ነገረው። ዶክተርን ወዶት ነበር።

*

ጠባቂዎቹ ቀስ በል ሰሞኑን ሄዶበት ነበር ያሉት የደን ክትትል ቢሮ በከተማው መሃል፣ ከአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሳተላይት ምስል አንባቢዋን ሁለት ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጣ አገኛት። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ናት፤ የቀስ በልን ስም ሲያነሳ እጇን ከመዳፊቱ ላይ አነሳች።

«ሞተ ሲባል ለፖሊስ ልደውል ነበር» አለች። «ከዚያ አደጋ ነው ሲሉ ተውኩት። ሁለት ሳምንት ዝም በይ ብሎኝ ነበር፤ ቃሌን ልጠብቅ ብዬ ነው።»

«ስለ ምን ዝም በይ አለሽ?»

ስክሪኑ ላይ አንድ ምስል ከፈተች። ሁሉም ነገር ቀይ ነው።

«ሳተላይቱ በየአምስት ቀኑ ጠዋት ከላያችን ያልፋል። የእኛ ዓይን የማያየውን ብርሃንም ስለሚያይ ቅጠል ለእኛ ገርጥቶ ከመታየቱ በፊት ዛፉ መታመሙን ያውቃል። ደማቅ ቀይ የሆነው ጤነኛ ነው። እየደከመ ሲሄድ ይደበዝዛል።»

«ቀይ ሲሆን ነው ጤነኛ? እኔ የማውቀው የተገላቢጦሽ ነው።»

ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ይሄ ሌላ ጫካ ነው። እውነተኛ በሽታ እንዲህ ነው፤ ወረቀት ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ክብ እየሠራ ይሰፋል። አሁን ክፍል አሥራ አራትን ይዩ።»

የደበዘዘው ቦታ አራት ማዕዘን ነው። ጠርዙ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ይሄድና መንገዱ ጋ ሲደርስ ያቆማል። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ዛፎች ደማቅ ቀይ ናቸው።

«መንገድ የማይሻገር በሽታ» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ቀስ በል በእግሩ ሲሄድ ያየው ይሄንን ነው። መጥቶ ጠየቀኝ። እኔም የቤተ ሙከራውን ሪፖርት አውጥቼ ከምስሎቹ ጋር በቀን በቀን ደረደርኩለት። 'ክፍል አሥራ አራት ታሟል' የሚለው ሪፖርት ወር በገባ በስምንት የተጻፈ ነው። በአሥር የተነሳው ምስል ላይ ጫካው ደህና ነው። በአሥራ አምስትም፣ በሃያም ደህና ነው። መደብዘዝ የጀመረው በሃያ አምስት ነው።»

ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አውልቆ አፀዳ። «ሪፖርቱ በሽታውን በአሥራ ሰባት ቀን ቀደመው ማለት ነው።»

«አምስት ክፍሎች ላይ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ይጻፋል፤ ከዚያ ይታመማል።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔ ከላይ ነው የማየው። ያየሁት ምን እንደሆነ መሬት ላይ ያለ ሰው መንገር አለበት። ኮምፒዩተሩን 'በሽታ ማለት ይሄ ነው' ብዬ ያስተማርኩት በእነሱ ሪፖርት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸት ስስል ኖሬያለሁ። አምኜ እኮ ነው።»

«ሪፖርቱን የሚጽፈው ማነው?»

«ባለሙያዎቹ አራት ናቸው። ለእኔ የሚደርሰኝ ማኅተም ብቻ ነው።»

«ቀስ በል ቀኖቹን ሲያይ ምን አለ?»

«ውሃ ስጪኝ አለ። ጠጥቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ 'ሁለት ሳምንት ስጪኝ፤ ያጠፋው ሰው ራሱ ይናገር' አለ። ወጥቶ ከሄደ በኋላ ደግሞ ተመለሰና ጠርዙ ጎልቶ እንዲታይ ብሎ ለሐሙስ ጠዋት ከሌላ ሳተላይት ጥርት ያለ ምስል እንዳዝዝለት ጠየቀኝ። እሱ አንዱ ነጥብ ግማሽ ሜትር ነው፤ መኪና እንኳ ይለያል። ገና አልደረሰኝም፤ ሰኞ ይመጣል ብለውኛል።»

*

ኢንስፔክተሩ ለዶክተር ደወለለት። ከቤተ ሙከራው ውስጥ ሐሰተኛ ሪፖርት የሚያወጣ ሰው እንዳለ ነገረውና ማንን እንደሚጠረጥር ጠየቀው።

«እንዲህ ማለት ይከብደኛል» አለ ዶክተር። «ግን ማኅተሙ አለቃችን እጅ ነው ያለው። ከተቋራጩ ጋርም ይቀራረባሉ። የጋሼን ደም ያፈሰሰ እሱ ከሆነ አደራህን፣ ኢንስፔክተር።»

ቅዳሜ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ቤተ ሙከራው ደረሰ። አለቃው ቀጭን፣ ሸምገል ያሉ፣ ነጭ ካፖርታቸው እጅጌ ላይ ቀለም የፈሰሰባቸው ሰው ናቸው። ሐሙስ ሙሉ ቀን ፈተና ሲፈትኑ እንደዋሉ ሃያ ተማሪዎች መሰከሩ።

«ማኅተሙ እኔ ጋ ነው» አሉ። «ግን እኔ ጫካ ወርጄ አላውቅም፤ አስም አለብኝ። ያንን በሽታ በተመለከተ የሚጽፈው ያው አግኚው ነው። እኔ የምመታው አምኜው ነው። በሽታው በስሙ ሊጠራለት እኮ ነው፤ የምርምር ማዕከልም ሊከፈትለት ሰው ሁሉ ተስማምቷል። ይሄንን እሱ አልነገረዎትም?»

«አልነገረኝም» አለ ኢንስፔክተሩ። «የሐሙስን መፈረሚያ መዝገብ ላየው እችላለሁ?»

መዝገቡ በር ላይ ነበር። የዶክተር ስም ሁለት ሰዓት ላይ አለ፤ ግን የራሱ መስመር የለውም። በሁለት ስሞች መሃል ባለችው ክፍተት ተሸጉጦ የተጻፈ ነው። የበሩ ዘበኛ ሲጠየቅ ጆሮውን አከከ።

«ጠዋት አላየሁትም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩጫ ገባ። 'ጠዋት መፈረም ረስቼ ነው' ብሎ ፈረመ። ሱሪው አቧራ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለለትና እያለቀሰ ወጣ። አሳዘነኝ እኮ።»

ኢንስፔክተሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀመጠ። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው ብዙ ሰው ዋሽቶታል። ያለቀሰለትን ሰው ትከሻውን መትቶ ያፅናናበት ጊዜ ግን ይሄ ብቻ ነበር። እጁን አየው።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ምስል አንባቢዋ ደወለች። ሲደርስ ምስሉን ከፍታ ጠበቀችው። የማማው ጥላ እንደ ሰዓት ዘንግ መሬት ላይ ተጋድሟል። ከማማው አጠገብ፣ ከዛፎቹ ጥላ ወጣ ብላ፣ አንዲት ትንሽ ነጭ ነገር ቆማለች።

«የተነሳው ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ላይ ነው» አለች። «መኪና ናት። ስምንት ነጥብ በአራት ነጥብ። የፊት መስታወት ሁሌም ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ይቺ ግን ከመስታወቱ ፊትም ጥቁር ናት። ኮፈኗ ጥቁር ነው ማለት ነው።»

ኢንስፔክተሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ሰውየው ከወደቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ሳይቆይ አይቀርም ብሎ ጽፎ ነበር።

*

ዶክተርን ወደ ጣቢያ የጠራው ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ በሚገባ የተተኮሰ። ኢንስፔክተሩ ምስሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት።

«ነጭ መኪና አገሩን ሞልቶታል» አለ ዶክተር።

«ሞልቶታል።»

«ይሄ የኔ ስለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?»

ኢንስፔክተሩ የመፈረሚያ መዝገቡን ቅጂ አጠገቡ አደረገ። የጭቃውን ዘንግ ጨመረ። ከዚያ ከመሳቢያው አረንጓዴውን ጃኬት አወጣ። እንደተገኘ፣ ሳይፈታ ነበር ያስቀመጠው።

«አርብ ዕለት የወንድምህ ሚስት ልብስ ስታጥፍ አይቻለሁ» አለ። «መጀመሪያ እጅጌውን ወደ ውስጥ፤ ከዚያ በአራት። የአስተጣጠፍ ነገር ሰው ካሳደገው ሰው ነው የሚማረው። እኔ ለምሳሌ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው።»

ዶክተር ጃኬቱን ሊነካ እጁን ዘረጋና መለሰው።

«የመጀመሪያውን አልዋሸሁም» አለ። «እውነት በሽታ መስሎኝ ነው። ክፍል ሦስት ላይ ጥቂት ዛፎች ደርቀው አገኘሁ፤ ጻፍኩ። ጋዜጣ መጣ። ጋሼ ፎቶዬን ሰቀለው። ከስድስት ወር በኋላ ሳጣራው ድርቅ እንደነበር አወቅሁ። በሽታ የሚባል ነገር የለም። ሄጄ ተሳስቻለሁ ልል ነበር፤ እውነቴን ነው። ተቋራጩ ቀደመኝ። 'በሽታው ከሌለ አንተም የለህም' አለኝ። አንተ ጻፍ፤ እኛ እናሳምመዋለን አለኝ።»

«ወንድምህ እንዳወቀ መቼ ነገረህ?»

«ረቡዕ። ስልክ ላይ ምንም አላለም። 'ነገ ና፤ ማማው ላይ አንድ ነገር ላሳይህ' ብቻ ነው ያለኝ። በዚያ ጉልበቱ ደረጃውን እየተሳበ ወጣ። ልደግፈው ስል እንቢ አለኝ። ላይ ስንደርስ በእጁ አሳየኝ። 'እንደ ማሳ ቀጥ ብሎ የሚታመም ጫካ አይተህ ታውቃለህ?' አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ሁሉም መዝገቡ ላይ እንዳለ ነገረኝ። 'ነገ ራስህ ትናገራለህ፤ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ' አለ። መዝገቡን ያዝኩ። አልለቀቀም። ሳብኩት። አጥሩ ላይ ተደገፈና ተሰበረ። መዝገቡ እኔ እጅ ላይ ቀረ።»

«ስትወርድ በሕይወት ነበር።»

«ነበር። አወቀኝ። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት ነበርና አጠፍኩለት። እጁን ያዝኩት።»

«ሬዲዮኑ ወገቡ ላይ ነበር?»

«ነበር።»

«አንድ ቁልፍ ነው።»

«አዎ።»

«ጣቢያው በመኪና አሥር ደቂቃ ነው።»

ከጓሮ የሚጠገን ሞተር ሳይክል ድምፅ ይሰማል፤ ይነሳና ይጠፋል።

«ሂድ አለኝ» አለ ዶክተር። «'ሰው ሳይመጣ ሂድ' አለኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያለኝ። ወዲያው አልሄድኩም፤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ግን ሄድኩ።»

«ሲሞት ነበርክ?»

«አልነበርኩም። ገና ይተነፍስ ነበር።»

ሰማያዊው መዝገብ ከቤተ ሙከራው መሳቢያው ውስጥ ተገኘ። ሊያቃጥለው ሞክሮ እጁ እንቢ እንዳለው ተናገረ። የረቡዕ ገጽ ላይ በሟቹ የተንጋደደ ጽሕፈት አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «ነገ በዓይኑ እንዲያይ አወጣዋለሁ። ካየ ይናገራል፤ አውቀዋለሁ።» ተቋራጩ ያንኑ ቀን ሳይመሽ ተያዘ፤ መሰርሰሪያዎቹና የመርዙ ጄሪካኖች ከጣውላው ጀርባ ወጡ። በዚህኛው ምርመራ ላይ አልሳቀም።

*

ለሟቹ ሚስት መንገር የኢንስፔክተሩ ሥራ ነበር። ሌላ ሰው መላክ ይችል ነበር፤ አልላከም። ማክሰኞ ጠዋት ሄዶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ሳታቋርጠው ሰማች። ስለ ሬዲዮኑ ሲነግራት ብቻ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሐኪም ቢደርስ ይተርፍ ነበር?» አለች።

«ሐኪሙ ሊተርፍ ይችል ነበር ይላል።»

«አምስት ቀን ሙሉ እዚህ ወንበር ሲደረድር ነበር። እኔን 'እታለም፣ ትንሽ ቅመሺ' እያለ በእጁ ሲያጎርሰኝ ነበር።» አንገቷን አቀረቀረች። «ባሌስ? ሁለት ሳምንት አጠገቤ ተኝቶ፣ እያወቀ፣ 'ሐሙስ ያልቃል' እያለ ደበቀኝ። ቢነግረኝ ብቻውን እሰደው ነበር? እኔ እኮ ነኝ ያሳደግሁት፤ እኔ ፊት አይዋሽም ነበር።»

ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አውልቆ በእጁ ያዘ።

«እሱን ሂድ አለው» አለች። «ለእኔስ? ለእኔ ምን አለ?»

መዋሸት ቀላል ነበር። አንድ ሁለት ቃል ፈጥሮ ሊሰጣት ይችል ነበር፤ ማንም አይከሰውም። ግን እዚህ ቤት ውስጥ ለስንት ጊዜ እንደተዋሸ አሰበ።

«ወንድሙ በሰጠው ቃል ላይ የለም» አላት። «ምንም አላለም።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ተነስታ ወደ ጓዳው ሄደችና ከዚያው ጠራችው። ትንሿ ክፍል ውስጥ አንድ የእንጨት አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለ ነጭ ሸሚዝ አለ። ዶክተር ሲመጣ የሚያድርበት ነው። ፍራሹን ግድግዳው ላይ አስደግፋዋለች።

«በዚያ በኩል ያዝልኝ» አለችው።

ያዘላት። አልጋው በበሩ አልወጣ አለ፤ ወደ ጎን አጋድመው፣ አንዱን እግር አስቀድመው፣ ደጋግመው ሞክረው አወጡት። ግቢው ውስጥ ያሉትን ባዶ ወንበሮች አልፈው ከአጥሩ ጥግ አኖሩት። ሴትዮዋ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ፀሐዩ ጠንክሯል፤ ላቧን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«እኛ ጋ የመጣ ሰሞን እጁን ካልያዝንለት አይተኛም ነበር» አለች። «አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ። ተራ ነበረን።»

ትንሽ ቆይታ ተነሳች። ፍራሹ ገና ውስጥ ነበር።